በሽታውን የሸሸገና መድኃኒቱን የሸሸገ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። አባባሉ እውነት ነው፤ አንከራከርበትም። ነገር ግን ሸክሙን በሙሉ የሚጭነው በታማሚው ጫንቃ ላይ መሆኑን ልብ ብለን እናውቃለን ወይ? የሸሸገው እሱ፣ የዘገየው እሱ፣ የሚሞተውም እሱ። ለመሆኑ መድኃኒቱን የሸሸገውስ ምን ይባላል? ስለ እሱ የተተረተ ተረት ለምን አልሰማንም? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከኡኬ ነው፤ ያውም በራሳችን ጥፋት።

ኡኬን ለማታውቁ ወንድሞችና እኅቶች፦ ከነቀምት ተነሥቶ በጉትን በኩል ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ትንሽ ከተማ ናት። የነቀምትን ብርድ ለለመደ ሰው ሙቀቷ ያስታውቃል። ከእኛ መካከል ሁለቱ የዚያ ልጆች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ተሰባስበን እዚያ ሄድን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ከአንዲት ጎረቤት ቤት ቡና ተጠራን። የአምስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ እኛም ሁልጊዜ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው።

ቡናው እስኪፈላ ከመካከላችን አንዱ ሰሞኑን ያነበበውን ማውራት ጀመረ። የጡት ካንሰርን በኤሌክትሪክ ምት መግደል እንደሚቻል፣ ዕጢው ውስጥ ቀጫጭን መርፌ ተሰክቶ ኃይል ሲለቀቅበት ሕዋሱ እንደሚሞት፣ ቢላ እንደማያስፈልግ ተናገረ። ሌሎቻችንም ሞቅ አለን። «በቃ፣ ጡት መቁረጥ ቀረ ማለት ነው!» ያልን ይመስለናል። እትዬ ሲኒ እያጠቡ ያዳምጡ ነበር። ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ወደኛ አገር መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቁ። «አይቀርም እትዬ፣ ይመጣል» አልናቸው። ከዚያ ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ። ዝናቡም አባራ፤ እኛም አመስግነን ወጣን።

በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት ስንመለስ እትዬን ያገኘናቸው ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ግራ እጃቸውን እየደገፉ ነው። ነገሩን ያወጣችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ጡታቸው ላይ የነበረው እብጠት ክረምት ላይ የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር፤ አሁን የዶሮ እንቁላል አክሏል። ከመካከላችን አንዱ ተቆጣ። «እትዬ፣ እንዴት ይኼን ያህል ጊዜ ዝም ይላሉ?» አለ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ዝም መች አልኩ? እናንተው አይደላችሁ የመብራቱ መድኃኒት ይመጣል ያላችሁኝ? ከምቆረጥ እሱ እስኪመጣ ብዬ ነው።»

የምንመልሰው አጣን። እትዬ በሽታቸውን ለልጃቸው ሳይቀር ሸሽገው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ያን የዝናብ ቀን ግን በጥያቄ መልክ ጫፉን አሳይተውን ነበር። እኛ አላየንም። ስለ ራሳቸው እየጠየቁ ስለ ሳይንስ የሚጠይቁ መሰለን።

እስቲ ያን ቀን ልንነግራቸው ይገባን የነበረውን እዚህ በሙሉ እንጻፈው።

በመሠረቱ ነገሩ ተአምር አይደለም። ማንኛውም ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። የሽፋኑ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር በሚሊዮን ቦታ ቢከፈል ከዚያ አምስቱን ያህል ቢሆን ነው። ይህ ሽፋን የሚገባውን እያስገባ የማይገባውን የሚከለክል በረኛ ነው። በሕዋሱ ላይ ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ኃይሉ ልከኛ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደፈናሉ፤ ሕዋሱም ይተርፋል። ኃይሉ ከዚያ ካለፈ ግን ሕዋሱ የውስጡን ሚዛን መጠበቅ ያቅተውና ይሞታል። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ አሥር ሺህ እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ግፊቱ እስከ 3,000 ቮልት ይደርሳል። ቤታችን የሚገባው 220 መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ምቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ሥጋውን እንደ እሳት አይጠብሰውም። ሕዋሱ ሲሞት ሕዋሳቱን አቅፎ የሚይዘው መዋቅርና የደም ሥሮቹ ግድግዳ በአመዛኙ ይተርፋሉ። ተመራማሪዎችን ያስደሰታቸው ይኸው ነው። ቦሪስ ሩቢንስኪና ራፋኤል ዳቫሎስ በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ምቱ ያለ መድኃኒትና ያለ ሙቀት ዕጢን ሊገድል እንደሚችል ካሳዩ ወዲህ ዘዴው በጉበት፣ በቆሽትና በፕሮስቴት ዕጢ ላይ ተሞክሯል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይቀድማል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሉዊ ሚርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ ያሰቡት ነው። ብሌኦማይሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በራሱ ጊዜ ወደ ሕዋስ ለመግባት ይቸገራል። ቀዳዳው በኤሌክትሪክ ሲከፈትለት ግን ሰተት ብሎ ይገባል፤ ኃይሉም በብዙ መቶ እጥፍ ይጨምራል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአሠራሩ ደንብ ተጽፎለት በብዙ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ከሚታከሙበት መካከል የጡት ካንሰር ተመልሶ በደረት ቆዳ ላይ ሲወጣ የሚፈጥረው ቁስል አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ግን እናቁም። ያን ቀን ያላልነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጡት ውስጥ ያለውን ዋናውን ዕጢ በኤሌክትሪክ ምት ብቻ ማጥፋት ገና በሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው፤ በየትም አገር የቀዶ ሕክምናን ቦታ አልወሰደም። ጠንካራው ምት ጡንቻን ስለሚያኮማትር ታማሚዋ ሙሉ ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ያስፈልጋታል። ልብ እንዳይታወክ ምቱ ከልብ ትርታ ጋር እንዲገጥም የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርፌው የሚደርሰው እተሰካበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ካንሰሩ ወደ ብብት፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ሾልኮ ከሆነ ምቱ አያገኘውም። የባቄላ ፍሬ የምታክለዋ እብጠት ቀን እየጠበቀች ያለችው ይህንኑ ለማድረግ ነው። እንግዲህ እትዬ መድኃኒቱን በጠበቁባቸው በእነዚያ ስድስት ወራት በሽታው እሳቸውን አልጠበቀም።

ነገሩን ለጓደኞቻችን በመኝታ ክፍላችን ስናወራላቸው ሦስት ዓይነት መልስ አገኘን። ሦስቱንም በቅንነት እንመልከታቸው።

የመጀመሪያዎቹ፣ «ጥፋታችሁ መናገራችሁ ነው። ሊደርስበት ለማይችል ሰው ስለ ሩቅ መድኃኒት ማውራት ጭካኔ ነው፤ ለተራበ ሰው ስለ ሠርግ ቤት እንደማውራት ነው» አሉን። ለጊዜው ልክ መስሎን ነበር። ነገር ግን ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንመርምረው። ዝም ስንል እትዬን ወክለን ወስነናል፤ «ይኼ ለእርስዎ አይደለም» ብለናቸዋል ማለት ነው፤ ያውም ሳይሰሙን። ሰው ያልሰማውን አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀም አይመጣም። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ያለው ማዕከል እሱ ብቻ ነበር፤ ከነቀምት፣ ከጎንደር፣ ከሐረር የሚመጣው ሁሉ እዚያው ተሰልፎ ተራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ጅማን ጨምሮ በሌሎችም ከተሞች ተጀምሯል። ይህ የሆነው «የለም፣ ለኛም ይገባናል» ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ዝምታም መድኃኒት መሸሸግ ነው። የባህል ሐኪሙ ሥሩን ቆፍሮ ስሙን ሳይናገር ሲሞት እንወቅሰው የለ? ድሃ አይረዳውም ብሎ ዝም የሚል የተማረ ሰውስ በምን ይሻላል?

ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ «የተናገራችሁት ሐሰት አይደለም። እውነቱን ሰምተው የወሰኑት እሳቸው ናቸው» አሉን። ይኼኛው ያጽናናል፤ ስለሚያጽናናም ጠረጠርነው። አዎን፣ ከአፋችን የወጣ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የት እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደተፈተነ አልተናገርንም። «ይመጣል» ያልነው ቃል ለእኛ ወሬ ነበር፤ ለእሳቸው ቀጠሮ ሆነ። እኛ የታመመ ጡት የለንም፤ ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ምንም አላስከፈለንም። እሳቸው ግን ቀን ቆጠሩበት። እውነት የሚለካው በተናጋሪው ኅሊና ብቻ አይመስለንም። ሰሚው በዚያ ቃል ላይ ምን እንደሚያስቀምጥበት ማሰብም የእውነት አንዱ ክፍል ነው። ግማሹን ነግሮ ግማሹን መተው ካለመናገር የሚብስበት ጊዜ አለ። ዝም ብንል ኖሮ ምናልባት የካቲት ሳይደርስ ገና በመስከረም ነቀምት ይወርዱ ነበር።

ሦስተኛዎቹ፣ «ይኼ የድህነትና የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» ይላሉ። እነዚህም ያለ ምክንያት አይደለም የሚናገሩት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 16 ሺህ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ። አብዛኞቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኡኬ ሲነሡ ደግሞ ይጨምራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወለጋ በነበረው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ታማሚ ተሸክሞ መውጣት ያስፈራባቸው ወራት ነበሩ። ይህን ሁሉ በሦስት ተማሪዎች ምላስ ላይ መጫን አይቻልም። ግን ትልቁ በደል ትንሹን አይሰርዘውም። መንገዱን የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ «ይጠብቁ» የሚል መልእክት ያስያዝናቸው ግን እኛ ነን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሲያስቡት የሚከነክን። ኤሌክትሪክ ራሱ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። ወለጋ የውሃ አገር ናት። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ የሆሮ ጉዱሩ ውሃ ለአዲስ አበባ ሲያበራ ኖሯል። በኡኬ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አንገር፣ አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ጉባ ላይ ሲደርስም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ያዞራል። 5,150 ሜጋ ዋት! ዕጢን ለመግደል የሚያስፈልገው ኃይል ከዚህ ጋር ሲወዳደር ከምንም አይቆጠርም። እንግዲህ የጠፋው ኤሌክትሪክ አይደለም። የጠፋው በኃይሉና በእትዬ ጡት መካከል ያለው ነገር ነው፦ መሣሪያው፣ መርፌውን የሚሰካው የሠለጠነ እጅ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ መንገዱ፣ የመሳፈሪያው ገንዘብ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ «ይኼን እብጠት ዛሬ ይታዩት» የሚል አንድ ሰው። ከተቆጠሩት ሁሉ እኛ በእጃችን የነበረው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነበር። እሱንም አላደረግነውም።

እትዬስ ለምን ሸሸጉ? ካለማወቅ ነው ብለን ለመደምደም ቸኩለን ነበር። ቀስ ብለን ስንጠይቅ ግን ሌላ ሆኖ አገኘነው። ጡት የተቆረጠች ሴት እንዴት እንደምትታይ ያውቃሉ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው በሬ እንደሚሸጥ በልባቸው አስልተዋል። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት እንደምትውል አስበዋል። «እኔ ሐኪም ቤት ስተኛ ቤቴም አብሮኝ ይተኛል» ነው ያሉት። ይህ አለማወቅ ነው? ከእኛ የበለጠ ሒሳብ ሠርተዋል እኮ። በሒሳባቸው ውስጥ የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱም የመዘግየት ዋጋ ነው። ያን ቁጥር ደግሞ ይዘነው የነበርነው እኛ ነን።

ለነገሩ ቅርቡ መድኃኒትም የሚናቅ አልነበረም። በምዕራብ ወለጋ አይራ ሆስፒታል በጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጊዜው ያገኙት ሕክምና በዋናነት ቀዶ ሕክምና ነበር። እንዲያም ሆኖ በሽታው ሳይገፋ የመጡት ዘግይተው ከመጡት የተሻለ ዕድሜ አግኝተዋል። በተጨማሪም በአገራችን ከሚገኘው የጡት ካንሰር ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት እንደሆነ በአዲስ አበባ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። ለዚህ ዓይነቱ ታሞክሲፌን የሚባል በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ይወሰዳል። ከቆዩትና ዋጋቸው ከረከሰው መድኃኒቶች አንዱ ነው። አዲስ አበባ መድረስ ግድ ሲሆን ደግሞ ማረፊያ ለሌለው ታማሚ መጠለያ የሚሰጡ አሉ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው። ሐኪም ያየው እብጠት ሁሉም ካንሰር አይደለም፤ «የለብዎትም» ተብሎ መመለስም አለ። ይህን ሁሉ ያን ቀን አናውቅም ነበር። ስለ 3,000 ቮልት ግን አውቀናል። የራሳችንን ወንዝ ሳንሻገር የሰውን ባሕር ቀዝፈናል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን የደረስንበትን በአጭሩ እንበል። መድኃኒት የሚሸሸገው በሦስት መንገድ ነው፦ ባለመናገር፣ ግማሹን በመናገር፣ ተናግሮ ባለመሄድ። የመጀመሪያው የንቀት ነው፤ ሁለተኛው የግድየለሽነት ነው፤ ሦስተኛው የስንፍና ነው። የተማረ ሰው ዕዳ ከሦስቱም መውጣት ይመስለናል። ቅርቡን ከሩቁ አስቀድሞ መናገር፤ ሩቁን ሲናገር ከነርቀቱ መናገር፤ ከተናገረ በኋላም «ይሂዱ» ብሎ አለመቅረት፣ አብሮ መነሣት። ስለ ኤሌክትሪኩ ማውራት እናቁም አላልንም። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ አንድ ቀን እሱ ራሱ ያንን መሣሪያ ነቀምት ላይ ሊተክል ይችላል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን ባቄላዋ እንቁላል መሆኗን አታቆምም።

እትዬን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ይዘናቸው ነቀምት ወረድን። ሁለታችን ትምህርት ቀርተን አንዳችን በሬ ሻጭ፣ አንዳችን ወረፋ ጠባቂ ሆንን። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ተንገላቱ፤ በኋላም ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ጡታቸው ተቆርጧል። ከብብታቸውም የተነካ ዕጢ ወጥቷል፤ ግራ እጃቸው ዛሬም ያብጣል። ሐኪሙ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ሲጀምር ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን። እትዬ ግን ስማችንን አልጠሩም። እዚህም ላይ ሸሸጉልን።

በዚያው ዓመት ክረምት ኡኬ ሄድን። ክኒናቸውን ማታ ማታ ከቡና በኋላ ይውጣሉ። ዕድሜያቸው ምን ያህል እንደሚሆን ማንም አልነገረንም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም። ሲኒውን እያጠቡ እንደ ድሮው ቀና አሉና፣ «ልጆቼ፣ ያ የመብራቱ ነገርስ ከምን ደረሰ?» አሉ። በዚህ ጊዜ «ይመጣል» ብለን አላለፍንም። የት እንደሚሠራ፣ ለየትኛው እንደሚሆን፣ ለየትኛው እንደማይሆን፣ ምን እንደሚጎድለው፣ እስከዚያው ምን ማድረግ እንደሚገባ አንድ በአንድ ነገርናቸው። አቦል ላይ የጀመርነው በረካ ላይ አለቀ።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ሂጂ፣ ያችን የጎረቤታችንን ምራት ጥሪልኝ፤ እሷም ትስማው» አሏት። ቡናውንም እንደገና ጣዱት።